ጋራዥ የገባሁበት ክረምት

ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት በሦስት ትምህርት ወደቅሁ፣ በሁለተኛው በሒሳብ ብቻ። መሻሻል ነው ብዬ ልጽናና ብሞክርም የትምህርት ቤታችን ደንብ እንዲህ ያለ ማጽናኛ አያውቅም፤ አንድ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። በአንድ ትምህርት ብቻ ለተሰናከልነው ግን አንዲት ቀዳዳ ቀርታልን ነበር። ክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት ተምረን ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና እንፈተናለን። ሃምሳ ያመጣ ዐሥረኛ ይገባል፤ ያላመጣ ማስረጃውን ተቀብሎ ወደ አገሩ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከተማው ደብረ ማርቆስ። የማጠናከሪያው ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሩ ዴስኮች የሚከማቹበት ቤት ነበር። ተማሪው "ጋራዥ" ይለዋል። "ጋራዥ ገባሽ አሉ?" እያሉ የሚያሾፉብኝ ልጆች ክረምቱን አገራቸው ገብተው እሸት ሲጠብቁ፣ እኛ ዐሥራ ሦስታችን በጭቃ እየተንሸራተትን ወደ ጋራዣችን እንሄድ ነበር። ዴስኮቹን ማንም ስላላወጣቸው ደህና እግር ያለውን እየመረጥን ተቀመጥን።

እንዴት እንደወደቅሁ ልንገራችሁ፤ አወዳደቄ እንደ ሰው አልነበረም። አባቴ በደብረ ኤልያስ በኩል ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። ገና ፊደል ሳልጨርስ ዳዊት አስይዞኝ በዘጠኝ ዓመቴ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃሌ እወጣው ነበር። ግዕዙ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ስጠይቀው አባቴ "መጀመሪያ ያዢው፤ መፍታቱ በኋላ ይመጣል" ይለኛል። እኔም ያዝሁት። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር እንደምንም ተንፏቅቄ ወጣሁ። ዘጠነኛ ስገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነ። የማላውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ወፍራም መጽሐፍ ሲሰጠኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርሁም። ከገጽ አንድ ጀምሬ በቃሌ ያዝሁት።

የሒሳብ መጽሐፉን እኮ ነው የምላችሁ። ከነምሳሌው፣ ከነመልሱ፣ ከነሥዕሉ መግለጫ። ፈተና ላይ ከሁለት ከተሞች ተነሥተው ስለሚገናኙ ሁለት ባቡሮች ሲጠየቅ፣ እኔ ስለ ሁለት ባቡሮች የማውቀውን በሙሉ ከመጽሐፉ ሳላዛንፍ ጻፍሁ። የጥያቄው ቁጥሮች ከመጽሐፉ መለየታቸውን ልብ አላልሁም። የኔ ባቡሮች ከየትም ይነሡ፣ በየትኛውም ፍጥነት ይሩጡ፣ የሚገናኙት ምንጊዜም ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። ባቡር የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ ስለዚህ ለምን ሁልጊዜ ከአራት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ ብዬ የምከራከርበት ምክንያት አልነበረኝም።

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ቁጡ ወጣት መምህር፣ ወረቀቴን ሲያይ የኮረጅሁ መሰለው። ደብተሬን አስፈተሸ፤ ምንም የለም። በሚቀጥለው ፈተና ለብቻዬ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ከላዬ ቆመ። ዓይኑ እያየ ያንኑ ደግሜ ጻፍሁለት። ከዚያ በኋላ ወረቀቴ ላይ ዜሮ ሰጥቶ ከዜሮው ጎን የጥያቄ ምልክት አኖረ።

የጋራዡ መምህር ሌላ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሐምሌን ሙሉ ቦቲ ጫማ ከእግሩ የማይወጣ ጎልማሳ። በመጀመሪያው ቀን የገባው ጃንጥላ ዘርግቶ ነው፤ ከገባም በኋላ አላጠፈውም፣ ምክንያቱም ቆርቆሮው የሚያፈሰው ልክ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ነበር። በግራ እጁ ጃንጥላ፣ በቀኙ ጠመኔ ይዞ ያስተምራል። ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ድምፁ አይሰማም፤ ያን ጊዜ በእጅና በቅንድብ ያስተምራል። የሌሎቹን መምህራን ጨዋታ አይችልበትም፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም የማይፈልገው ክፍል ለሱ የደረሰው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው ወደ አስኳላ የመጣው። እኛም "ቲቸር" እያልን ጀምረን በሳምንቱ "የኔታ" ማለት ጀመርን፤ አልተቆጣም።

የካፖርቱ ሁለት ኪሶች ሁልጊዜ ቆሎ የሞላባቸው ናቸው፤ ሚስቱ የምትቆላው፣ ሽምብራ የበዛበት የገብስ ቆሎ። ሕጉን በመጀመሪያው ቀን ነገረን።

"እዚህ ክፍል ትክክል የመለሰ ምንም አያገኝም፤ ትክክል መሆኑ ይበቃዋል። የተሳሳተ ግን አንድ እፍኝ ቆሎ አለው። ብቻ ስህተቱ የራሱ ይሁን።"

ሁለተኛውን ሕግ ከቅኔ ቤት ነው ያመጣው። እዚያ ተማሪው ለብቻው አስቦ የሠራውን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩ ያርመዋል። የሰው ቅኔ ይዞ መምጣት ነውር ነው። እኛም በየማለዳው እያንዳንዳችን ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፣ በመንገድ ወይም በቤት ያየነውን አንድ ጥያቄ ሠርተን ከነመልሱ ይዘን እንድንቆም አዘዘን። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ግድ የለውም።

ክፍሉ ሞቅ አለ። ከአማኑኤል ከተማ የመጣ አንድ ዘንካታ ልጅ በየቀኑ እየተሳሳተ ቆሎውን ይጨርሰው ነበር። አንድ ቀን ራበው መሰለኝ ሁለትና ሁለት ሰባት ነው ብሎ ቆመ። መምህሩ ጃንጥላውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛውሮ ተመለከተውና "ይኼ ስህተት አይደለም፤ ልመና ነው። እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ስለምን ቢያንስ በዜማ ነበር" አለው። ልጁም ከእኛ ጋር ሳቀ፤ ሲስቅ አይቶ አንድ እፍኝ ሰጠው። ፍልሰታ ሲገባ የጾም መፍቻ ሰዓት እስኪደርስ ቆሎውን ኪሳችን እያስቀመጥን እንውላለን፤ ስንነሣ ስንቀመጥ የሁላችንም ኪስ ይንኳኳል።

የኔ ኪስ ግን ጸጥ ያለ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ፍሬ ቆሎ አልደረሰችኝም። ትክክል ሆኜ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ቆሜ ስለ ሁለት ባቡሮች ስጀምር አስቁሞ ጠየቀኝ።

"ባቡር የት አየሽ?"

"አላየሁም፣ የኔታ።"

"ገጽ ስንት ነው?"

"ሰባ ሁለት።"

"ገጽ ሠላሳ አንድስ?"

ገጽ ሠላሳ አንድን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ወረድሁለት። ዘጠና ስድስትን ጠየቀኝ፤ እሱንም ወረድሁለት። ጃንጥላውን አጥፎ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱን እየነቀነቀ ደስ እንዳለው አየሁ። "አባትሽ ምንድን ናቸው?" አለኝ። ነገርሁት። "ታዲያ ጥፋቱ የአእምሮ አይደለም። አንቺ ንባብ ቤት ነሽ፣ እኛ ያለነው ቅኔ ቤት። መጽሐፉን ቤትሽ ትተሽው ነይ።"

መጽሐፉን ተውሁት፤ ግን ከራሴ ውስጥ አልወጣ አለ። በየማለዳው የኔ ያልሁትን ጥያቄ ይዤ እቆማለሁ፤ ባቡሮቹን በበጎች፣ የአትክልት ቦታውን በእርሻ ቀይሬ። መምህሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ "ይኼ የሰው ነው" ይለኛል። አንድም ቀን በክፉ አላለኝም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። ቆሎው እንደማያምረኝ ሁኜ ብታይም ያምረኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል መግባት እፈልግ ነበር። አገሬ ብመለስ የሚጠብቀኝ ክፉ ነገር አልነበረም፤ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ግን አባቴ ለደብሩ ሁሉ "የኔ ልጅ የሰማችው ነገር አያመልጣትም" ብሎ ያወራ ሰው ነው። ሴት ልጅ ከተማ ልኮ በማስተማሩ ያልወቀሰው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም የሚሰጠው መልስ ያችው ነበረች። ተሰናብቼ ብመለስ ምን ይላቸዋል?

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያለ ፋታ ወረደ። የተከራየኋት ክፍል ጣሪያ ሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ሁለቱ ፍሳሾች ጎን ለጎን ናቸው፣ በመካከላቸው ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። አከራዬ፣ ማኅበር ለመሄድ የተነሡ ትልቅ ሴት፣ አንዲት ሳፋ ሰጥተውኝ "ሳይሞላ እየደፋሽ ጠብቂልኝ፤ ወለሉ እንዳይበሰብስ" ብለው ሄዱ። ሳፋዋን በቀኙ ፍሳሽ ሥር አደረግሁ፤ የግድግዳውን ሰዓት ስመለከት በሃያ ደቂቃ ሞላች። ደፍቼ በግራው ሥር አደረግኋት፤ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀች። ከዚያ መሐል ላይ ባደርጋት ሁለቱንም ትቀበላለች፤ በስንት ደቂቃ ትሞላለች የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ገጽም የለውም። ሃያና ሠላሳ፣ መካከላቸው ሃያ አምስት። መልሴን ይዤ ስፈነድቅ ሳፋዋን መሐል ላይ ሳላደርግ ዝናቡ አባራ።

ሰኞ ጠዋት ቆሜ ጥያቄዬን ተናገርሁ። መምህሩ እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም። "ሃያ አምስት ደቂቃ" ብዬ ስጨርስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ቀኙ ለብቻው በስንት ይሞላል?"

"በሃያ።"

"ግራው ሲያግዘው ዘገየ ማለት ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አየሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስህተት በዓይኔ ፊት ቆሞ ታየኝ፤ ጅል፣ ግን የኔ። መምህሩ ወደ እኔ መጥቶ ከሁለቱም ኪሱ ሁለት እፍኝ ቆሎ ቀሚሴ ላይ አፈሰሰልኝ። "አሁን አርሚው" አለኝ። ሌሎቹ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያልሁ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢዘንብስ አልሁ። ቀኙ ሦስት ሳፋ ይሞላል፤ ግራው ሁለት። አብረው አምስት። ስልሳ ደቂቃ ለአምስት ሳፋ። "ዐሥራ ሁለት" ብዬ የሌላውን ልጅ ንግግር አቋርጬ ተነሣሁ። መምህሩ "ትክክል ነው፤ ስለዚህ ምንም የለሽም" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። ያየሁትን ሁሉ ጥያቄ አደርጋለሁ፤ ግማሹን እሳሳታለሁ፤ ኪሴ መንኳኳት ጀመረ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሳፋዬን መሐል ላይ አድርጌ ሰዓት ላይ አፈጣለሁ። አከራዬ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ ሳፋ እንዲህ አይታይም፤ ጠበል ተጠመቂ" አሉኝ። ሳፋዋ በዐሥራ ሦስት ደቂቃ ነበር የሞላችው፤ አንዷ ደቂቃ የዝናቡ ጥፋት ናት። ወደ መጽሐፉ ስመለስ ደግሞ የድሮዎቹ ምሳሌዎች አንድ በአንድ ይፈቱልኝ ጀመር። ባቡሮቹ ለምን እንደሚገናኙ ሲገባኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። አባቴ መፍታቱ በኋላ ይመጣል ያለው እውነቱን ነበር፤ ብቻ የሚመጣበትን መንገድ አልነገረኝም።

የድጋሚው ፈተና ደረሰ። ያወጣው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፣ ያ ቁጡ ወጣት። ሰባተኛውን ጥያቄ ሳነብ ሳቄ መጣ። ከመጽሐፉ ምሳሌ አንዷ ናት፤ ቁጥሯ እንኳ አልተነካም። ሊረዳን ብሎ ይመስለኛል ያስገባት። ርዝመቱ ከወርዱ በስድስት ሜትር የሚበልጥ፣ ዙሪያው ሃምሳ ሁለት ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ስፋቱ ስንት ነው? መልሱን ሁለት ዓመት ሙሉ በቃሌ ስወርደው ኖሬያለሁ፤ 106። በየትኛው መስመር እንደተጻፈ እንኳ ይታየኛል። አራት ነጥብ በነጻ።

ልጽፈው ስል ቆም አልሁ። እስቲ ልሥራው አልሁ። ወርዱ ዐሥር መጣ፣ ርዝመቱ ዐሥራ ስድስት። ዐሥር ጊዜ ዐሥራ ስድስት 160። ደነገጥሁ። እንደገና ሠራሁት፤ 160። ለሦስተኛ ጊዜ ሠራሁት። መጽሐፍ ተሳሳተ ማለት ለእኔ ቤት ሰማይ ተሳሳተ እንደማለት ነው። እኔ ማን ነኝ? ሁለት ዓመት የወደቅሁ፣ ጋራዥ የገባሁ ልጅ። ትክክለኛው 106 ሆኖ 160 ብዬ ብወድቅ ራሴን ይቅር አልለውም። ጊዜው ሊያልቅ ሲል እየፈራሁ 160 ጻፍሁ።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ተለጠፈ። አርባ ስምንት። ወረቀቴን ተቀብዬ ስገልጥ ሰባተኛው ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀምጧል። ጋራዥ ሄጄ ለመምህሬ አሳየሁት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ሠራው፤ ከዚያ መልሶ ሰጠኝ።

"ሂጂና ንገሪው።"

"እርስዎ ይንገሩልኝ፣ የኔታ።"

"ያገኘሁት እኔ ነኝ እንዴ?"

ተከትሎኝ መጣ፤ ግን ከበሩ አላለፈም። ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ወረቀት ያርማል። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ "ሰባተኛው ትክክል ነው" አልሁት። መጽሐፉን አወጣ፤ ገጹን ገለጠ፤ 106ን በጣቱ አሳየኝ።

"መጽሐፉ ተሳስቷል" አልሁ።

ቀና ብሎ በደንብ አየኝ። "አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ? መጽሐፉን ከነነጥቡ ስትገለብጪልኝ የኖርሽው?"

"አሁን ሠርቼው ነው።"

ጠመኔ ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ሥዬ ዐሥርና ዐሥራ ስድስት ጻፍሁ፤ ዙሪያውን ደምሬ አሳየሁት፣ ሃምሳ ሁለት። ስፋቱ ላይ ስደርስ ኃላፊው ከመሳቢያው ካልኩሌተር አውጥቶ ዐሥርን በዐሥራ ስድስት አባዛ። በሩ ላይ የቆመው መምህሬ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ኃላፊው መጽሐፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "ሦስት ዓመት ይኼን ምሳሌ አስተማርሁት" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። "አንድም ሰው አልነገረኝም።" ከዚያ ቀዩን እስክርቢቶ አንሥቶ አርባ ስምንቱን ሰረዘ፤ ሃምሳ ሁለት ጻፈ። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠርቶ "ወደፊት ሌላ ካገኘሽ ንገሪኝ" አለኝ። ደግ ሰው ኖሯል፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ለእንቁጣጣሽ አገሬ ገባሁ። የመጽሐፍ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስላልነበረ ሒሳብ መጽሐፉን ሳልመልስ ይዤው ነበር። አባቴ ማለፌን ሲሰማ ምስጋና አቀረበ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ አለ። የመጽሐፉ ነገር ላይ ስደርስ ፊቱ ከበደ።

"መጽሐፍ ተሳሳተ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"አሳዪኝ።"

እንግሊዝኛ አያነብም፤ ስለ ኤክስ ብነግረው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ደጅ ወጣን። ግቢው ውስጥ ባለው ሣር ላይ ዐሥር እርምጃ አስኬድሁት፣ ታጠፈ፣ ዐሥራ ስድስት፣ ታጠፈ፣ ዐሥር፣ ታጠፈ፣ ዐሥራ ስድስት። ድምሩን ራሱ ተናገረ፤ ሃምሳ ሁለት። ስፋቱን ደግሞ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር እያለ በጣቱ አንጓ ቆጥሮ መቶ ስልሳ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የብራና መጻሕፍት ሲያቃና የሚጠቀምበትን የቀለም ዕቃና መቃ ብዕር አወጣ። ጥንት ጸሐፊ የሳተውን ቃል የሚያገኝ ቄስ፣ የተጻፈውን ሳይፍቅ ትክክለኛውን ከመስመሩ በላይ በትንሹ ይጽፋል። ብዕሩን ቀለም ነክሮ ከገጹ በላይ አቆመውና ወደ እኔ ዞረ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

አባቴ ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቀኝ በቃሌ ይዤው እንደሆነ ነው፤ እርግጠኛ መሆኔን የጠየቀኝ ያን ቀን ነበር።

"እርግጠኛ ነኝ" አልሁት።

ጎንበስ ብሎ፣ ከ106 በላይ፣ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ ፻፷ ብሎ ጻፈ።